ዐይናችንና የተፈጥሮ አጥሮቹ
(ለገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እኔ የሰብል ባለሙያ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ታውቃላችሁ። ነገር ግን በውቂያ ወራትና የአረም መድኃኒት በሚረጭበት ጊዜ በምዞርባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ዐይኑን እያሻሸ የሚያነጋግረኝ ገበሬ አላጣም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዋግና ስለ ማዳበሪያ መናገሩን ትቼ፣ ስለ ዐይን አሠራር፣ ይልቁንም ለዐይን ስለ ተሠራለት የተፈጥሮ አጥር ልነግራችሁ እወዳለሁ። አጥሩን ያወቀ ሰው በየት በኩል እንደሚጣስም ያውቃልና።

የሰው ዐይን ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ 24 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በውጭ የሚታየው ጥቂቱ ሲሆን፣ የቀረው በራስ ቅል ጕድጓድ ውስጥ ስብ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ጕድጓዱን የሚሠሩት 7 አጥንቶች ናቸው። በግንባርና በጉንጭ በኩል ያለው የአጥንት ጠርዝ ወፍራም ስለ ሆነ፣ የቀንበር እንጨት ወይም የሰው ክርን ፊታችንን ሲመታ ብዙውን ጊዜ ምቱን የሚቀበለው እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ አጥር ትልቁን ነገር እንጂ ትንሹን አይከለክልም፤ ከመጥረቢያ ሥር የተፈናጠረ የእንጨት ፍላጭ ወይም ከመዶሻ ሥር የወጣ የድንጋይ ስባሪ በጠርዞቹ መካከል ያልፋል።

ቀጥሎ ቅንድብ አለ፤ እርሱም ከግንባር የሚወርደውን ላብ ወደ ጎን ይመልሳል። ከቅንድብ በታች ቆቡና ሽፋሽፍቱ ይገኛሉ። ሽፋሽፍት እንደ ዘበኛ ነው፤ ዐቧራ ወይም ትንኝ ሲነካው ሰውየው ሳያስብ ቆቡ ይከደናል። ቆቡ በተከደነ ጊዜ ደግሞ የዐይኑ ኳስ ወደ ላይ ይዞራል፤ ዋናው የማያ ክፍል በዚህ ይሸሸጋል። ምንም የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ጊዜ እንኳ ቆቡ በየደቂቃው 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በእያንዳንዱም ርግብታ እንባውን በዐይን ላይ ያዳርሳል።

በእርሻ ኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን የበሬ ዐይን አገላብጠን ተመልክተናል። እናንተም በሬያችሁን ስትጠምዱ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዐይን ማእዘን አስተውሉ፤ ከዚያ እየወጣች ዐይኑን የምትሸፍን 3ኛ ቆብ አለችው። በሰው ዘንድ ከእርስዋ የቀረው በዐይን ማእዘን ላይ ያለች ትንሽ ቀይ እጥፋት ናት። እንግዲህ በሬው ፊቱን በድርቆሽ ውስጥ ቀብሮ ስለ በላ እኛም እንደ እርሱ እንችላለን ማለት አይደለም።

እንባ ለልቅሶ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንባ ግን ዘወትር ይፈስሳል። የሚመነጨው ከላይኛው ቆብ ሥር፣ በውጭው ጎን ካለው ዕጢ ነው። ከላዩ ከቆቡ ጠርዝ የሚወጣ ስስ ቅባት ይሸፍነዋል፤ ቅባቱም ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ከታቹ ደግሞ እንባውን ከዐይን ጋር የሚያጣብቅ ልጋግ መሳይ ነገር አለ። ዐይኑን ካጠበ በኋላ በአፍንጫ በኩል ባለው ማእዘን በሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ፣ እንደ መስኖ ቦይ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጣችን የሚበዛው ስለዚህ ነው። ዛሬ ፔኒሲሊንን በማግኘቱ የምናውቀው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚያሟሟ ሊሶዛይም የተባለ ነገር መኖሩን ገለጠ፤ ይህም በእንባ ውስጥ በብዛት ይገኛል። እንግዲህ እንባ ውሃም መድኃኒትም ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁት ኮርኒያ የሚባለውን የዐይን መስኮት ነው። እርሱም በብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን፣ በመካከሉ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም፤ የሚተነፍሰውም እንባ ከሚያመጣለት አየር ነው። ከኮርኒያ በስተኋላ ብሌን፣ ሌንስና ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና አሉ፤ የእነርሱን ነገር ለሌላ ቀን እንተወው። የኮርኒያ ላይኛው ቆዳ ቢጫር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይድናል። ከዚያ ጠልቆ የቆሰለ እንደ ሆነ ግን ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም በብሌን ፊት ሲሆን ሰውየው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

አሁን ወደ አውድማው እንሂድ። ገብስ ስናዘራ የሚበረው እብቅና የዛላው ጢም ሹልና ሸካራ ነው። ከቆብ ሥር ከገባ፣ ዐይናችንን ባሸን ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቀዋል። የባሰው ነገር ግን ሰብሉ የሚያመጣው ሻጋታ ነው። ፉዛሪየም የተባለውን ሻጋታ እኛ የሰብል ባለሙያዎች በስንዴና በበቆሎ በሽታ እናውቀዋለን፤ በተጫረ ኮርኒያ ላይ ሲያርፍም ዐይን ያቆስላል። አንድ የማውቃቸው ጎልማሳ ገበሬ የገብስ ጢም ገብቶባቸው በነጠላ ጫፍ አስወጡ፤ ቀጥሎም ቅጠል አስጨምቀው አስጨመሩ። ሳይሻላቸው ሲቀር ከገበያ ጠብታ ገዙ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ከ10 ቀን በላይ አልፏል። ዛሬ በዚያ ዐይናቸው ሰው ከዛፍ አይለዩም። በተለይ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለጊዜው ቅላቱን እያበረደ ሻጋታውን ያፋፋል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያዝዝ ጠብታ አይጨመር። የገባውን ነገር አታሹ፤ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። አልወጣ ካለ፣ ወይም ብርሃን መፍራትና ነጭ ነጥብ ከታየ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አጥር ስታጥሩ ቁልቋልና ቅንጭብ ትቆርጣላችሁ። ወተቱ በዐይን ከገባ ኮርኒያውን ያቃጥላል፤ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ስለሚበረታ፣ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ ይታለላል። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ የመርጫው አፍ ተደፍኖ ሲፈታ፣ በውስጡ የታመቀው ፊት ላይ ይረጫል። ለኮምጣጣ መሬት የሚበተነው የእርሻ ኖራ ዐይን ይቆረቁራል፤ የተቃጠለው የግንብ ኖራ ግን ወደ ውስጥ ሰርጾ ዐይን ያጠፋል። ኖራ ስትበትኑ ነፋሱ ከኋላችሁ ይሁን።

ከእነዚህ አንዱ የገባበትን ሰው ቶሎ አስተኙት፤ የተጎዳው ዐይን በታች በኩል እንዲሆን ራሱን አዘንብሉት፤ ውሃው ወደ ደህናው ዐይን እንዳይፈስስ ነው። ዱቄት ከሆነ የሚታየውን በንጹሕ ጨርቅ እያነሣችሁ፣ አንድ ሰው ቆቡን ከፍቶ ይያዝ፣ ሌላው ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ውሃ ያፍስስበት። የተቃጠለ ኖራ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሎሚ፣ ወተት፣ ቅቤ አይጨመርም። ከዚያ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አሁን አጥሩ ራሱ ጠላት ስለሚሆንበት በሽታ ልናገር። ይህም ማዝ፣ በሐኪሞች ቋንቋ ትራኮማ ነው። አገራችን በዓለም ከሁሉ የከፋው የትራኮማ ሸክም ያለባት ናት፤ የአማራ ክልልም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ሕፃኑን ደጋግሞ ሲይዘው የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ያ ዘበኛ ያልነው ሽፋሽፍት በየርግብታው፣ ማለት በሰዓት 900 ጊዜ ያህል፣ ኮርኒያውን ይፍቃል። ከልጆች ጋር የሚውሉት እናቶች ስለ ሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነርሱን ይበዛባቸዋል። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሣል፤ ተሰብሮ የቀረው ግን ጠንክሮ ይበቅላል። የሚያሻው ቆቡን ወደ ቦታው የሚመልስ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። በማደንዘዣ መርፌ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ የምታደርስ ዝንብ በሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ትራባለች፤ በመጸዳጃ ጕድጓድ ውስጥ ግን አትራባም። ስለዚህ ጕድጓድ መቆፈርና የልጆችን ፊት ከዓይናር ማጥራት የሕክምናው ግማሽ ናቸው። በየጊዜው በዘመቻ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒትም «እኔ ጤነኛ ነኝ» ሳትሉ ተቀበሉ፤ በቤታችሁ ካሉት ሕፃናት በአንዱ ዐይን ተሕዋሱ ሳይታይ ሊኖር ይችላልና።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፤ የመርጫ ትምህርት በምትሰጡበት ቀን ከመርጫው አጠገብ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ፤ ለመድኃኒት መበጥበጫ ከሚሆነው የተለየ ይሁን። የዐይኑንም አስተጣጠብ በሁለት ሰዎች ላይ በተግባር አሳዩ፤ መነጽሩንም እናንተ ራሳችሁ አድርጋችሁ ጀምሩ።