በጆሮ የሚጻፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ንግግራችን በተለይ ዓይነ ስውር ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። እንዲህ ያለ ልጅ «ኮምፒውተር መማር፣ ፕሮግራም መጻፍ እፈልጋለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጄ፣ እሱ እኮ የዓይን ሥራ ነው» የሚል ነው። ወላጅ ይህን የሚለው በክፋት ሳይሆን ልጁ ደክሞ እንዳያዝን ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ይህች አንዲት ቃል የልጁን የወደፊት ሪዝቅ በር ልትዘጋ ትችላለች። ደግሞም ትክክል አይደለችም።

ፕሮግራም ምንድን ነው? ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ፣ በተራ በተራ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ጽሑፍ እንጂ ሥዕል አይደለም። ጽሑፍ ደግሞ በጆሮ ይነበባል። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ዓይነ ስውሩ ማውስ አያስፈልገውም፤ በኪቦርዱ ቀስቶች መስመር በመስመር፣ ሲፈልግም ፊደል በፊደል እየሄደ ያዳምጣል።

ይህን መሣሪያ የሠሩልንም ዓይነ ስውራን ራሳቸው መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ ነው ፕሮግራም መጻፍ የተማረው። ጆውስ የተባለው ስክሪን ሪደር በእሱ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ነገር ግን ጆውስ ዋጋው በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ ለብዙ ቤት የሚቻል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር መሥራት ጀመረ፤ ጄምስ ቴም አብሮት ሠራ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ኤንቪዲኤ እስከ ዛሬ በነፃ ይሰጣል። በአብዛኛው የተጻፈውም ፓይተን በተባለው፣ ጀማሪዎች በሚማሩት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እንግዲህ «ዓይነ ስውር ፕሮግራም መጻፍ ይችላልን?» ለሚል ሰው መልሱ ልጁ የሚያዳምጠው ድምፅ ራሱ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። «ሰላም» የሚል ቃል በመስኮቱ ላይ እንዲወጣ የሚያዝዝ አንድ የፓይተን መስመር በስክሪን ሪደር እንዲህ ይሰማል፦ «ፕሪንት፣ ሌፍት ፓረን፣ ኮውት፣ ሰላም፣ ኮውት፣ ራይት ፓረን»። ቅንፍ ተከፍቶ፣ ጥቅስ ተከፍቶ፣ ሁለቱም ተዘጉ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ «ራይት ፓረን» ካልተሰማ አንድ ነገር ጎድሏል። በቁርኣን ሐለቃ የተቀመጡ ኡስታዝ ሙስሐፉን ሳይመለከቱ ተማሪው የሳታትን አንዲት ሐረካ በጆሯቸው እንደሚይዙ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የሠለጠነ ጆሮ ነው።

ጀማሪው ሁለት ነገሮችን ማስተካከል ይኖርበታል። አንደኛ፣ ስክሪን ሪደሩ ለተራ ንባብ ሲዘጋጅ ብዙዎቹን ምልክቶች ዘሎ ያልፋል፤ ለፕሮግራም ግን አንዲት ነጥብ እንኳ ትርጉም አላት። ስለዚህ የኤንቪዲኤን ቁልፍ፣ ማለትም ኢንሰርትን፣ ከፒ ጋር ደጋግሞ በመጫን ምልክቶችን ሁሉ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በፓይተን አንዱ ትእዛዝ በሌላው ሥር መሆኑ የሚታወቀው መስመሩ በባዶ ቦታ ወደ ውስጥ ገባ በማለቱ ነው። ዓይን ይህን ወዲያው ያያል፤ ጆሮ ግን ካልተነገረው አያውቅም። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በኤንቪዲኤ ማስተካከያ ውስጥ መስመሩ ምን ያህል እንደገባ በቃል ወይም በቀጭንና በወፍራም ድምፅ እንዲያሳውቅ ማዘዝ ይቻላል። ፕሮግራሙ ሲሳሳትም ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የተገኘበትን መስመር ቁጥር ይናገራል፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በተባለው መጻፊያ ኮንትሮልንና ጂን ተጭኖ ቁጥሩን በመጻፍ ወደዚያው መሄድ ይቻላል።

ችግር የለም አንልም። የፕሮግራም ቃላት እንግሊዝኛ ስለሆኑ ቋንቋውን ጎን ለጎን ማጥናት ግድ ነው። «እዚህ ጋ ተጫን፣ ያንን ተመልከት» የሚሉ የቪዲዮ ትምህርቶችም አይጠቅሙትም፤ በጽሑፍ የተዘጋጀ ትምህርት ይሻለዋል። የጆሮ ፍጥነትም በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሶብር ይጠይቃል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? ያገለገለ ኮምፒውተርና የጆሮ ማዳመጫ ከተገኘ መጀመር ይቻላል። በቅድሚያ አሥሩንም ጣቶች በኪቦርዱ ላይ ማለማመድ ያስፈልጋል። በቀን አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዘጋለት፤ ለእሱ ጫጫታ ማለት ለዓይናማ መብራት እንደመጥፋት ነው። ሲሳሳት ማውሱን ነጥቃችሁ አትሥሩለት፤ በቃል ንገሩትና ራሱ ይፈልገው። መምህሩንም ትምህርቱን በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲልክ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ለወንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሴት ልጃችሁንም እንዲሁ አግዟት። በሥራ በኩልም በአገራችን አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ እንዳይገለል ይደነግጋል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው ዕውቀት ፈልጎ በመጣ ዓይነ ስውር፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እኚህን ሶሐባ ሙአዚን አድርገዋቸዋል፤ ለጉዞ ሲወጡም በመዲና ላይ ወክለዋቸዋል። ኃላፊነት ሰጧቸው እንጂ «ያርፉ» ብለው አላስቀመጧቸውም። በቤታችን ያለውም ልጅ የሚፈልገው ከንፈር መጠጣችንን ሳይሆን ኪቦርዱን፣ ጸጥታውንና በእሱ ላይ ያለንን እምነት ነው።

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀት ያበልጽግልን፣ ለወላጆችም ሶብሩን ይስጥልን። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።