አክሲዮን ሲሸነሸን ባለ አክሲዮኑ ምን ያገኛል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን ከከሚሴ በስልክ የመጣብኝ ጥያቄ ነው። በቅርቡ አጎቴ ደውሎ፥ «አንተ ልጅ፥ የተማርኸው ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና ንገረኝ። ያለኝ አክሲዮን አንዱ ዐሥር ሊሆን ነው ይላሉ። ሳይሸነሸን ቶሎ የገዛ ሰው ገንዘቡ ዐሥር እጥፍ ይሆንለታል ብለው መክረውኛል። ሁለቱን ወይፈኖች ለሰኞ ገበያ ባቲ አውርጄ ልሽጣቸው ወይ?» አለኝ። እኔም «እስክደውልልዎ ድረስ ወይፈኖቹን አይንኩ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ጥያቄው የአጎቴ ብቻ አይመስለኝም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በአብዮቱ ምክንያት ከተቋረጠ ወዲህ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎ፥ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ 47,377 ገዥዎች ተገኝተዋል። እንግዲህ አክሲዮን የከተማ ነጋዴ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ የቦርከናና የጨፋ ገበሬም ባለ አክሲዮን መሆን ጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ አክሲዮን መሸንሸን ምንድን ነው? መልሱን አገራችን ድሮ ያውቀዋል። ለበዓል በሬ ጥለን ቅርጫ ስንገባ፥ ሥጋውን በስምንት መደብ ብንመድበው፥ በዐሥራ ስድስትም ብንመድበው በሬው ያው አንድ በሬ ነው። በፊት አንድ መደብ የነበረው ሰው አሁን ሁለት ትንንሽ መደብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ድስቱ ግን ከዚያ በላይ አይሞላም።

በቁጥር እንየው። አንድ ኩባንያ 1,000,000 አክሲዮን አለው እንበል፤ የአንዱም ዋጋ 1,000 ብር ይሁን። 40 አክሲዮን ያለው ሰው 40,000 ብር አለው። ኩባንያው አንዱን በዐሥር ቢሸነሽን፥ ሰውየው 400 አክሲዮን ይኖረዋል፤ የአንዱ ዋጋ ግን 100 ብር ስለሚሆን ድምሩ ያው 40,000 ብር ነው። ኩባንያው 200 ሚሊዮን ብር ትርፍ ቢያከፋፍል፥ በፊት ለአንድ አክሲዮን 200 ብር ይደርስ ነበር፤ አሁን 20 ብር ይደርሳል። በ40ም ሆነ በ400 ብታባዙት 8,000 ብር ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ያለውም ድምፅ በመጠኑ አይለወጥም።

በውጭ አገርም ያየነው ይህንኑ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በነሐሴ 2020 አንዱን በአራት ሲሸነሽን፥ ወደ 499 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ ወደ 125 ዶላር ያህል ወረደ። ይህ ኩባንያ ከ1987 ጀምሮ አምስት ጊዜ ስለ ሸነሸነ፥ ያን ጊዜ አንድ አክሲዮን የያዘ ሰው ዛሬ 224 አለው። ነገር ግን ያበለጸገው መሸንሸኑ ሳይሆን የኩባንያው ትርፍ ነው። ለዚህም ማስረጃው የበርክሻየር ሀታወይ ዋናው አክሲዮን ነው፤ ተሸንሽኖ አያውቅም፥ ለብዙ ዓመት የያዙት ግን ከብረዋል። በአንጻሩ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2021 ስምንቱን አክሲዮን አንድ አድርጎ አጠቃሏል፤ በዚህም የማንም ሀብት በስምንት አልተከፈለም።

ታዲያ ጥቅም የለውም ወይ? አለው። አንደኛ፥ ሙሉ መደብ መግዛት ያልቻለ ድኻ ግማሹን መግዛት ይችላል። ሁለተኛ፥ ችግር የገጠመው ሰው ሁሉን ሳይሸጥ ጥቂቱን ብቻ ይሸጣል። ሦስተኛው በእኛ ዞን በእጅጉ የሚያስፈልገው የውርስ ነገር ነው። በሸሪዓ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ሲሞት ለሚስት አንድ ስምንተኛ ይደርሳል፤ የቀረውን ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ እየወሰደ ይካፈሉታል። ሟቹ 20 አክሲዮን ቢተው የሚስቲቱ ድርሻ ሁለት ተኩል ይሆናል፤ አክሲዮን ግን እንደ እንጀራ ከመካከሉ አይቆረስም። ሃያው 200 ቢሆን ኖሮ ለእርሷ 25፥ ለሁለቱ ወንዶች 70፥ 70፥ ለሴቲቱ ልጅ 35 ደርሶ ያለ ጠብ ይለያዩ ነበር።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። ከመሸንሸን ጋር የሚመሳሰል፥ ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ የሆነ ሥራ አለ፤ እርሱም አዲስ አክሲዮን አውጥቶ መሸጥ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ በማዘዙ፥ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን አውጥተዋል። በምሳሌያችን ኩባንያው ሌላ 1,000,000 አክሲዮን ለሌሎች ቢሸጥ፥ የሰውየው 40 አክሲዮን ቁጥሩ ሳይነካ ድርሻው በግማሽ ይቀንሳል። ትርፉ በእጥፍ ካላደገ 8,000 ብር ማግኘቱ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ ለነባር ባለ አክሲዮን የቀደምትነት መብት ይሰጠዋል፤ ይሁን እንጂ ማስታወቂያውን ያላየ ወይም ያልገባው ሰው በመብቱ ሳይጠቀም ጊዜው ያልፍበታል። በሽንሸና የደነገጠ ሰው 1,000 ብር የገዛው አክሲዮን 100 ሆነ ብሎ በርካሽ ይሸጣል፤ በአዲስ አክሲዮን ጊዜ ደግሞ መጠንቀቅ ሲገባው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም የሚጎዱት ከጉባኤው አዳራሽ ርቆ የሚኖረውን ሰው ነው።

ስለዚህ ባለ አክሲዮን የሆነ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የአክሲዮኑ ብዛት ሲጨምር ከኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮን የእኔ ድርሻ ስንት ነው? አዲስ ገንዘብ ክፈል ተብያለሁ ወይስ አልተባልሁም? ኩባንያው ከዓመት ወደ ዓመት ያተርፋል ወይ? የመጀመሪያው ካልተለወጠ፥ ሁለተኛውም ከሌለ፥ የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ለአጎቴ ደውዬ የነገርሁት ይህንኑ ነው። «ኩባንያው ደኅና ከሆነና ለብዙ ዓመት ሊይዙት ካሰቡ፥ ከመሸንሸኑ በፊትም ሆነ በኋላ ቢገዙ ልዩነት የለውም። ለመሸንሸኑ ብለው ግን ወይፈን አይሽጡ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያማ ያ የመከረኝ ሰው የራሱን አክሲዮን ሊሸጥልኝ ኖሯል» አለኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ የምንጠየቀው ስለ ፈተና ውጤት ብቻ አይሆንም። ወላጆቻችን ጥሪታቸውን አውጥተው የገዙትን ወረቀት እንድናነብላቸው ይፈልጋሉ። ሳንኮራና ሳንሰለች፥ በቅርጫም ቢሆን እየመሰልን እናስረዳቸው።