በቀጥተኛ ጅረት ሞተሮች ላይ የሚታይ ንዝረት፦ መንስኤው ኤሌክትሪካዊ ነው ወይስ መካኒካዊ?

(በጋምቤላ ከተማ የቀረበ ይፋዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚህ አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲንቀጠቀጥ፣ በተሳሳተ ምርመራ የታዘዘ ኩሽኔታ የሚያስከፍለው የራሱን ዋጋ ብቻ አይደለም። መለዋወጫው መንገድ ላይ ሳለ ቦኖው ይደርቃል፤ እናቶችም ጀሪካን ይዘው ወደ ባሮ ይወርዳሉ። ተገጥሞ ንዝረቱ ካልቆመ ደግሞ ጥበቃው እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የንዝረቱ ምንጭ መለየት አለበት።

የመጀመሪያው ፈተና ኃይሉን ማቋረጥ ነው። ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ኤሌክትሪካዊ መንስኤን እንጠርጥር፤ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ በቀስ ከቀነሰ መካኒካዊውን። በአንድ ፍጥነት ላይ ድንገት አይሎ ከረገበ፣ መሠረቱ ወይም ክፈፉ ከዚያ ፍጥነት ጋር አብሮ ይርገበገባል ማለት ነው። ሆኖም ኃይሉ ሲቋረጥ ጭነቱም ስለሚለወጥ ይህ ፈተና ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የመስክ ጥቅሉን ብቻ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ መስኩን ያጣ ሞተር ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላልና።

ሁለተኛው ፈተና የንዝረቱን ድግግሞሽ መለካት ነው። በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ሚዛኑ የተዛባ አርማቹር በ25 ኸርዝ ይነዝራል፤ የሞተሩና የፓምፑ ዘንጎች መስመር ሲዛነፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጥፉ፣ 50 ኸርዝ፣ ይጎላል። በሌላ በኩል፣ ሞተሩ ከባለ ሦስት ፌዝ የ50 ኸርዝ መስመር በስድስት ታይሪስተሮች በኩል የሚመገብ ከሆነ፣ የጅረቱ የተለመደ ሞገድ 300 ኸርዝ ነው። አንዱ ታይሪስተር ሥራውን ካቆመ ግን 50 ኸርዝ ብቅ ይላል። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች አንድ ምልክት አሳዩ።

መፍትሔው ፍጥነቱን መለወጥ ነው፤ ይህም የቀጥተኛ ጅረት ሞተር ጸጋ ነው። ወደ 1200 ዙር ዝቅ እናድርገው። የዘንጉ ምልክት ወደ 40 ኸርዝ ይወርዳል፤ የታይሪስተሩ ግን ከ50 አይነቃነቅም። ሞተሩ ብሩሽ ያለውና በቀጥታ ከፀሐይ ፓነል የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የመስመር ድግግሞሽ ስለሌለ በቅድሚያ ወደ ዘንጉ እንመልከት።

ሁለቱ መንስኤዎች አንዳንዴ ይወላለዳሉ። ወጣ ገባ የሆነ ኮሙቴተር ብሩሹን ያዘልለዋል፤ ብሩሹ ሲዘል ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው ኮሙቴተሩን ይበልጥ ያበላሸዋል። በዚህ ጊዜ ብሩሹን ብቻ መቀየር ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይደለም።

በመጨረሻም ከአካባቢያችን መሬት የሚመጣውን መንስኤ አንርሳ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈ መሠረት ሲያዘነብል ትናንት የተስተካከለው ዘንግ ይዛነፋል። ስለዚህ በየወቅቱ ለውጥ የመሠረቱን ብሎኖችና የዘንጎቹን መስመር መፈተሽ ከጥገናው ሥራ የሚቆጠር ነው።

ተማሪዎቼ፣ ከመፍቻው በፊት መለኪያውን አንሡ።