የጥቁር መልክ ብርሃን በዘይት ቀለም



ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መግቢያ በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ሠዓሊ ከደጋ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ፣ የሚሥለው መልክም የቀለሙ አደራረቅም ይለወጥበታል።

በባሮ ዳር የተቀመጡትን የአኙዋክ ሽማግሌ ሲሥል ከጥቁር ቀለም እጁን ይሰብስብ፤ ጥቁር ብርሃንን ይውጣልና ፊቱ ሕይወት ያጣል። ቡናማው ኡምበር፣ ቀላ ያለው ሲየናና ሰማያዊው አልትራማሪን በዘይት ሳስተው ተራ በተራ ሲነባበሩ ግን ብርሃን በውስጣቸው አልፎ ከነጣው መደብ ይመለሳል፤ ጥቁረቱም ያበራል።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ተንኖ ሳይሆን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ነው። በቆላ ሙቀት ላዩ ቶሎ ይይዛል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ንብብር እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ የላይኛውም ከታችኛው ይልቅ ዘይት ይብዛበት። አለዚያ የሽማግሌው መልክ ለልጅ ልጆቻቸው ሳይደርስ ይሰነጠቃል።