የተክሌ አቋቋምና ደብረ ታቦር



በመሐንዲሶች ጉባኤ የደብረ ታቦር ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ጋፋት ነው፤ በዚያ የተቀለጠው፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል ነው። መድፉ ግን ከከተማዪቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። በደብረ ታቦር ጸንቶ የኖረው ሀብት ከብረት ሳይሆን ከክርክር የተገኘ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና (ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ያውቃቸዋል፤ ይህም ሊቅነታቸውን መበደል ነው) በጎንደር በአታ ያስተማሩ የአቋቋም ባለሙያ ነበሩ። እሳቸውም አዲስ ስልት አወጡ። ካህናቱ መቋሚያ ይዘው አካላቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ የሚያወዛውዙበት ይህ ስልት ከጣና ማዕበልና በዳርቻው ከሚወዛወዘው ደንገል የተቀዳ ነው ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከአባቶች ያልተወረሰ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ክርክሩ በቃሉ ላይ አልነበረም፤ የሚዘመረው ያው የያሬድ ድርሰት ነው። ያከራከረው ትከሻ ወዴት ያዘንብል የሚለው ነበር። ነገሩ ለውጭ ተመልካች ኢምንት ነው፤ ዕድሜውን በማኅሌት ለጨረሰ መሪጌታ ግን የአባቶቹ አደራ ነው።

አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፉት። ወንበር ባያገኝ ኖሮ በአባትና በልጅ ዕድሜ የሚያልቅ ነበር። ስሙም በልጅየው «የተክሌ» ተባለ።

በዚያው ዘመን ሌላው ክርክር የተቋጨው በሌላ መንገድ ነው። ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ያደረጓት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው የተዋሕዶንና የጸጋን ክርክር በፍርድ ቆረጡት፤ የተረታው ወገን ትምህርቱን እንዲተው ታዘዘ፤ እንቢ ያሉም ተቀጡ። በአቋቋም ላይ ግን እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልወጣም። ጎንደር የነበረውን ጠበቀ፤ ደብረ ታቦር ጎንደር የናቀውን ተቀብሎ መለያው አደረገው። አንድ ልክ ብቻ ለሚወድ መሐንዲስ ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል።

በስተ ምሥራቅ ያለው ጋይንትም እንዲሁ ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ የቤተልሔም ዜማም ከቆማና ከአጫብር ዜማ ጋር ሲነጻጸር ኖሯል። ተማሪው ስንቁን አንግቦ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር ልዩነቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነም ገና አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ማኅሌት ሲቆም ደግሞ፣ የተክሌ ልጅ ከሆነ፣ ትከሻው ይናገራል።