የባዮዌር ክብርና ውድቀት

እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ ሦስት ሐኪሞች የመሠረቱት ባዮዌር፣ ተጫዋቹ ራሱ የታሪኩን ፍጻሜ የሚወስንባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች በመድረስ ስሙ በዓለም የገነነ ቤት ነበር። በ1998 ባወጣው «ባልዱርስ ጌት»፣ ሚንስክ የተባለው ግዙፍ ጦረኛ ቡ ከሚላት ትንሽ ሃምስተር ጋር ሲመካከር ያየ ሰው፣ በልብ ወለድ ፍጡር ላይ ነፍስ መዝራት ምን እንደሆነ ይረዳል። ዳሩ ግን የጨዋታ ኩባንያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2008 ከጠቀለለው፣ ከመሥራቾቹ መካከል ሙዚካና ዜስቹክም በ2012 ከተሰናበቱ በኋላ፣ ባለሙያዎቹ የገዢው ኩባንያ በሆነውና ለተኩስ ጨዋታ በተሠራው በፍሮስትባይት ሶፍትዌር ላይ የተጫዋቹን ስንቅና ትጥቅ መያዣ ሳይቀር እንደ አዲስ ለመሥራት ስለ ተገደዱ፣ ለድርሰቱ የሚገባው ብዙ ድካም በከንቱ ባከነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ በ2023 ከተሰናበቱት 50 ያህል ሠራተኞች መካከል የጨዋታዎቹን ገጸ ባሕርያት ለረጅም ዘመን ሲደርሱ የኖሩ ጸሐፍት መገኘታቸው ነው።