ስለ ማዳበሪያ ከረጢትና ስለ ወንዝ ዓሣ
(ለገጠር ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር)

ቀድሞ በጎጃም ገበሬ ቤት የነበረው ዕቃ ሁሉ ካረጀ በኋላ ወደ መሬት የሚመለስ ነበረ። እንስራው ቢሰበር ገል ሆኖ ከአፈር ይቀላቀላል፤ ቅሉ ቢነቃ፤ አቁማዳው ቢቀደድ፤ የቃጫው ጆንያ ቢበጣጠስ፤ ሰፌዱና መሶቡ ቢያረጅ፤ ምስጥና ዝናም በጥቂት ክረምት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ያረጀውን ዕቃ ከቤት ኋላ ወይም ከወንዝ ዳር መጣል ነውር አልነበረም፤ አባቶችም የሚጎዳ ነገር አልጣሉምና አይነቀፉበትም። ልማዱ ግን እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ቀረ፤ የተለወጠው የሚጣለው ዕቃ ነው።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም፤ በቡሬ፤ በደምበጫም ገበያ የሚሸጠውን የተመለከተ ሰው እንስራው በጄሪካን፤ የቃጫው ጆንያ በላስቲክ ከረጢት፤ የቆዳው ጠፍር በናይሎን ገመድ እንደ ተተካ ያያል። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ጄሪካን ከእንስራ ይቀላል፤ ቢወድቅም አይሰበርም፤ ውሃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ልጅ ጀርባ ከማንም ይልቅ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ፕላስቲክን ከመሠረቱ ክፉ ነው ብሎ መስደብ ከእውነት የራቀ ነው። ክፋቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው።

ፕላስቲክ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ የሚገኝ አይደለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሊዮ ቤክላንድ የተባለው በቤልጂግ የተወለደ የኬሚስትሪ ሊቅ በአሜሪካ ሳለ ባክላይት የተባለውን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ አገኘ፤ ዛሬ ፌስታልና ጄሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተገኘ። የሚሠራውም ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዓለም የተሠራው ሁሉ ሲቆጠር 8.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሆነ፤ ከዚህም አገልግሎቱን ጨርሶ ከተጣለው ውስጥ ተመልሶ ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 እጅ፤ የተቃጠለውም ከመቶ 12 እጅ ብቻ ነው። የቀረው በቆሻሻ መጣያና በየሜዳው አለ።

እንግዲህ ፕላስቲክ አይበሰብስም ሲባል እንደ ነበረ ይኖራል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። እንጨት ሲበሰብስ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት በልተውት ወደ አፈርነት ይለወጣል፤ ፕላስቲክን ግን የፀሐይ ብርሃን ያደርቀዋል፤ ይሰነጣጥቀዋል፤ ነፋስና ጎርፍ ይፈጨዋል። አንዱ ቁራሽ ሁለት፤ ሁለቱም አራት እየሆነ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ግን ምንም ቢያንስ ያው ፕላስቲክ ነው። ሪቻርድ ቶምሰን የተባለው እንግሊዛዊ የባሕር ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ይህን ብናኝ በባሕር ዳር አሸዋና በባሕር ውሃ ውስጥ አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ፤ ማይክሮፕላስቲክ የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ዛሬ ሊቃውንት ከ5 ሚሊሜትር የሚያንሰውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ይኸውም ከባቄላ ፍሬ አንሶ፤ ከጤፍም ደቅቆ፤ እስከማይታይ ድረስ የሚወርድ ነው።

ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ዕቃ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ይህ አገር በቆሎ፤ ጤፍ፤ ዳጉሳና በርበሬ አብቃይ ስለ ሆነ ማዳበሪያ በየዓመቱ በብዛት ይገባበታል። ማዳበሪያው 50 ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ይመጣል፤ ከረጢቱም ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በቀጭኑ ተተርትሮ የተሸመነ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርጥበት እንዳይገባ ከውስጡ ስስ ላስቲክ አለው። ማዳበሪያው በእርሻ ላይ ከተበተነ በኋላ ከረጢቱ አይጣልም፤ የገበሬ ቤት ቁጠባ ይህን አይፈቅድም። እህል ይከተትበታል፤ በርበሬ ይሰጣበታል፤ ገበያ ይጫንበታል፤ ዝናም ሲመጣ የእረኛ ኮፍያ ይሆናል። እንዲያውም የሕዝቡ ቋንቋ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ ሰየመው፤ «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» ሲባል የሚሰማው ሁሉ ያውቀዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከረጢቱ ሲያረጅ ነው። ሲቀደድ የአጥር ቀዳዳ ይደፈንበታል፤ የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ይሆናል፤ በዶሮ ቤት ጣራ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀመጣል። በዚያም የደጋው ፀሐይ ያገኘዋል። ፖሊፕሮፒሊን ፀሐይን የሚጠላ ነገር ነውና ብዙ ሳይቆይ ጥንካሬውን ያጣል፤ በጣት ቢያሹት እንደ ደረቀ ገለባ ይፈረፈራል፤ ነጫጭ ክሮቹም ከእጅ ላይ ይቀራሉ። አንድ የአጥር ከረጢት በአንድ በጋ ስንት ሺህ ክር እንደሚያራግፍ የሚቆጥር የለም። ሰኔ ሲገባ ያ ክር ሁሉ ከጓሮ ወደ ቦይ፤ ከቦይ ወደ ጅረት ይወርዳል።

ሌላም መንገድ አለ። ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ልብስ በታጠበ ቁጥር ደቃቅ ክር ይለቃል፤ ይህ ልብስ ከወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ ሲወቀጥ የሚለቀው ክር በቀጥታ ወደ ወንዙ ይገባል። የጥጥ ጋቢና ነጠላም ክር ይለቃሉ፤ ያ ግን ይበሰብሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚመላለሰው መኪናም ጎማው በአስፋልት ላይ እያለቀ ብናኙን ይተዋል፤ ዝናሙም ወደ ቦዩ ይጠርገዋል።

ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል ቢሉ፤ የአገሩን ወንዞች አካሄድ ማወቅ ይበቃል። በፍኖተ ሰላም በኩል የሚወርደው ላህ፤ በደምበጫ በኩልም የሚወርደው ተምጫ ወደ ብር ወንዝ ይገባሉ፤ ብርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። የቡሬው ፈጣም ደግሞ በራሱ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። እንዲህ ከሆነ የምዕራብ ጎጃም ጓሮ አንዱ በጣና፤ አንዱ በዓባይ በረሃ በኩል አድርጎ በመጨረሻ ከአንድ ውሃ ይገናኛል። ዓባይም ዛሬ እንደ ቀድሞው ሳይቆም የሚያልፍ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከግድቡ ኋላ የተኛው ንጋት የተባለው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የቆመ ውሃ የተሸከመውን ያስቀምጣልና ከደለሉ ጋራ የሚወርደው ብናኝም ብዙው በዚያ ይቀራል።

ዓሣው ይህን ብናኝ በእርግጥ ይበላዋልን? በኢትዮጵያ የተመረመረ ነገር አለ። በኦሮሚያ ክልል በባቱ ከተማ አጠገብ ባለው በዝዋይ ሐይቅ ላይ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሆላንድ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆኖ አራት ዓይነት ዓሣ መርምሮ ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። የተመረመሩት ቆሮሶ፤ አምባዛና ሁለት ዓይነት ካርፕ ናቸው። ከመቶው ዓሣ በ35ቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኘ። ቆሻሻ ሊገባ በሚችልበት በኩል የተያዙትም ከሌላው ይልቅ ብዙ ይዘው ተገኙ።

በዚህ ምርመራ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ የሚበላው ቆሮሶ ጥቂት ፕላስቲክ ሲገኝበት፤ ከሥር ከጭቃው አጠገብ የሚመገቡት አምባዛና ካርፕ ግን ብዙ ተገኘባቸው። ብዙው ፌስታልና ከረጢት በጠባዩ ከውሃ የቀለለ ነው፤ ታዲያ እንዴት ከጭቃ ይገኛል ቢሉ፤ በውሃ ላይ ሲቆይ አልጌና ደለል ይለብሳል፤ በለበሰም ጊዜ ከብዶ ይሰጥማል። አምባዛ በጎጃም ወንዞችም ያለ ዓሣ ነው፤ የሚውለውም በድፍርስ ውሃና በጭቃ ውስጥ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ክረምት ሲሆን ሊራባ ከጣና ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎች ገባሮች ይወጣል፤ ዕንቁላሉንም በጠጠሩ መካከል ይጥላል። ጎርፍ የዓመቱን ቆሻሻ ጠርጎ የሚያወርደውም በዚያው ወራት ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው ቢሉ፤ በመመርመሪያ ቤት በተደረገው ሙከራ ፕላስቲክ የዋጠ ዓሣ ምግብ የማይሆን ነገር ሆዱን ስለ ሞላው ምግቡ ሊቀንስና እድገቱም ሊጎድል እንደሚችል ታይቷል። ፕላስቲኩን ለማለስለስና ለማቅለም የተጨመረው ኬሚካልም አለ። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ብርብራን ያውቃል፤ ፍሬው ተወቅጦ በኩሬ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ወደ ላይ ይገለበጣል። ያ በግልጽ የሚታይ ጥፋት ነው፤ የሠራውም ሰው ይታወቃል። ፕላስቲክ ግን ዓሣውን አይገለብጠውም። ዓሣው ይዋኛል፤ ይያዛል፤ ይበላልም፤ ስለዚህ ከሳሽ የለውም። በከብት ላይ ግን ጉዳቱ ለገበሬው ቶሎ ይገለጣል፤ ፌስታል የበላች ላም ሆዷ ተዘግቶ ስትከሳና ስትሞት፤ ሲበልቷትም ላስቲኩ በሆዷ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ሲገኝ ያየ ብዙ ነው።

ለሰው ያለውን አደጋ ከልክ በላይ ማግነን አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ መጠጥ ውሃ ባወጣው ጽሑፍ እስከዚያ የተገኘው ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ገልጦ ተጨማሪ ምርመራ ጠየቀ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ደማቸውን ከሰጡ 22 ሰዎች በ17ቱ ደም ውስጥ ፕላስቲክ እንዳገኙ አስታወቁ። እንግዲህ ብናኙ ከሰው ደም መድረሱ ታውቋል፤ የሚያደርገውን ጉዳት ግን ሊቃውንት ገና በመመርመር ላይ ናቸው። ይህን ሰምቶ ከእንግዲህ ዓሣ አልበላም ማለት ሞኝነት ነው፤ ሥጋ በቀላሉ ለማያገኝ ልጅ ዓሣ ታላቅ ምግብ ነው። ብናኙ በብዛት የሚገኘው በሆድ ዕቃው ውስጥ ስለ ሆነ ሆድ ዕቃውን በሚገባ አውጥቶ አጥቦ መብላት ይበጃል። ሳይከፈት እንዳለ የሚበላ ትንሽ ዓሣ ግን ሆድ ዕቃውም አብሮ ይበላል። የወጣውም ሆድ ዕቃ ወደ ወንዙ ቢመለስ ብናኙ ተመልሶ ከውሃ ይገባል፤ ርቆ ሊቀበር ይገባዋል።

መንግሥትም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ የማይበሰብስ ፌስታል ለሚሠራና ከውጭ ለሚያስገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይህ መልካም ነው። የማዳበሪያው ከረጢት ግን ዛሬም ከማዳበሪያው ጋራ ወደ ገበሬው ቤት ይመጣል፤ ካረጀ በኋላ የት እንደሚደርስ የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ የዚህ ነገር ሥራ በገጠሩ ሕዝብ እጅ ቀርቷል።

ሥራውም ከባድ አይደለም፤ ጊዜውን ማወቅ ብቻ ይፈልጋል። ከረጢት ሳይፈረፈር በፊት አንድ ዕቃ ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ከተፈረፈረ በኋላ ግን የሚለቅመው የለም። ስለዚህ በጎተራ ጥላ ውስጥ ለእህል መዋሉ ደግ ነው፤ በአጥርና በጣራ ላይ መዋሉ ግን መቅረት አለበት፤ አጥር የሚታጠርበት እሾህና ጭራሮ በጎጃም አልጠፋም። ያረጀው ሰብሳቢ ባለበት ከተማ ለቁራሌው ይሰጥ፤ ሰብሳቢ በሌለበት ከወንዝና ከጎርፍ መንገድ ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ይህ የመጨረሻ መፍትሔ ባይሆንም ከፀሐይ ይሰውረዋል። ከምድጃ ጨምሮ ማንደድ ግን አይገባም፤ ጢሱ መርዛም ነውና እናትና ሕፃን በሚተነፍሱበት ቤት ውስጥ ይቀራል። ተማሪዎች የተማሪ ቤቱን ቅጥርና የወንዙን ዳር የሚለቅሙበት ወር ግንቦት ነው፤ ሐምሌ ከደረሰ በኋላ የሚለቀመውን ጎርፉ አስቀድሞ ወስዶታል።

መምህሩ ነገሩን በዓይን ለማሳየት ቢወድ ብዙ መሣሪያ አያሻውም። ከወንዙ ዳር ውሃው ከሚያርፍበት ቦታ ሁለት ጄሪካን ውሃ ይቀዳል፤ ቀስ እያለ በንጹሕ ነጭ ሻሽ ላይ ያጠልለዋል፤ ሻሹም አቧራ በሌለበት ቤት ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ልጆች ተራ በተራ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ነጩን ክር አይቁጠሩ፤ ከሻሹ ራሱ ሊወጣ ይችላልና፤ ሰማያዊውን፤ ቀዩን፤ ጥቁሩንና አረንጓዴውን ይለዩ። መምህሩ በእሳት ያጋለውን መርፌ ወደ አንዱ ክር ያስጠጋ። ክሩ የጥጥ ከሆነ ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም፤ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ተኮራምቶ ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠጣር ጠብታ ይሆናል።